ልጁ ከእኛ በላይ ኢንተርኔት ሲያውቅ፦ የወሎ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ይሁን ከሚሴ፣ ዋይፋይ የገባበት ቤት ጥያቄው ይመሳሰላል። የእናቱን ቴሌብር የሚከፍተው፣ የአክስቱን ስልክ የሚያጸዳው፣ የጎረቤቱን ቴሌቪዥን ከኔት ጋር የሚያገናኘው ያው የ15 ዓመት ልጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ማን ይጠብቀው? እኔ መልሶቹን ስጽፍ የያዝኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ እንዲህ ያለውን ልጅ በቴክኒክ ልርታው ብለው አይልፉ፣ አይረቱትም። ነገር ግን ራውተሩ የተገዛው በእርስዎ ገንዘብ፣ ሲም ካርዱ የወጣው በእርስዎ መታወቂያ፣ ጥቅሉ የሚሞላው ከእርስዎ ኪስ ነው። ጉልበትዎን እዚያ ላይ ያውሉት።

ዋይፋዩ ማታ 4 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ አስተካክዬው ነበር፤ አልዘጋም። ልጁ ነካክቶት ነው?

ልጁን ከመቆጣትዎ በፊት ሰዓቱን ይዩ። ራውተር የእኛን ሰዓት አያውቅም። 4:00 ብለው ከጻፉ የሚዘጋው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው፤ ልጁ ያኔ ጠግቦ ተኝቷል። ማታ 4 ሰዓት ማለት ለራውተሩ 22:00 ነው፣ ጠዋት 12 ሰዓት ደግሞ 06:00።

ይህን አስተካክለውም ካልሠራ የሰዓት ቀጠናውን ይመልከቱ። የእኛ +3 ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ አዲስ አበባ ከሌለች ናይሮቢን ይምረጡ። ራውተሩ በቤጂንግ ሰዓት (+8) ላይ ከሆነ 22:00 ብለው የሞሉት ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋብዎታል፤ በ0 ላይ ከሆነ ደግሞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ ክፍት ነው። ሌላው ጣጣ መብራት ነው። ብዙዎቹ ራውተሮች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ከድሮ ቀን ይነሡና ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪወስዱ ድረስ የሞሉት ፕሮግራም ይዛባል። ስለዚህ ሰዓትን ከኢንተርኔት የሚያመሳስለው ምርጫ መከፈቱን ያረጋግጡ። መብራት በወጣች በገባች ቁጥር ልጁ የሚወቀስበት ቤት ብዙ ነው።

የዋይፋዩን ፓስወርድ ብቀይርስ?

ፓስወርዱ ሁለት ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀይረው አንዱን ብቻ ነው። አንደኛው ስልክ ዋይፋይ ውስጥ የሚገባበት ነው። ሁለተኛው የራውተሩ የራሱ መግቢያ፣ ማለትም ብራውዘር ላይ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ብለው ጽፈው ገብተው ሁሉን ነገር የሚያስተካክሉበት ነው። ሁለተኛው ራውተሩ ሥር በተለጠፈችው ወረቀት ላይ እንደተጻፈው ከቀረ፣ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ልጁ ወረቀቷን ካነበበ ቆይቷል።

የመጀመሪያውም ቢሆን ምስጢር ሆኖ አይቆይም። አንድሮይድ ስልክ የዋይፋይ ፓስወርድን በኪውአር ኮድ ያሳያል፤ አንዱ ወንድም ካገኘ ሰፈሩ ሁሉ አገኘ ማለት ነው።

በመርፌ ጫፍ ሪሴት አደረገው። ምን ላድርግ?

ያቺን ትንሽ ቀዳዳ መከልከል አይቻልም፤ ራውተሩን ወደ መኝታ ቤትዎ ያዛውሩት። በሪሴት የአቅራቢው የመግቢያ ስምና ፓስወርድ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ቤቱ በሙሉ ያለ ኔት ይቀራል፣ ወደ 994 መደወል ግድ ይሆናል። ስልኩን ልጁ ራሱ ይደውል፣ ወረፋውንም እሱ ይጠብቅ። ከዚህ የተሻለ ቅጣት አላውቅም።

የልጁን ስልክ ከራውተሩ ላይ አገድኩት፤ ደቂቃ ሳይቆይ ተመልሶ ገባ። እንዴት?

ራውተር ስልክን የሚለየው ማክ አድራሻ በሚባል ቁጥር ነው። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለዋይፋይ የሚያሳዩት እውነተኛውን ሳይሆን የተፈጠረ ቁጥር ነው፤ ልጁ ደግሞ በቀላሉ ሊያስለውጠው ይችላል። እርስዎ ያገዱት የትናንቱን ስልክ ነው፤ ዛሬ የገባው ለራውተሩ እንግዳ ነው።

የሚሻለው መንገድ ይኸው፦ አብዛኞቹ ራውተሮች ከአንድ በላይ የዋይፋይ ስም ማውጣት ይችላሉ። አንዱን ለአዋቂዎች ያድርጉት፣ ፓስወርዱን ለልጆች አይስጡ። ሌላውን ለልጆች ይክፈቱና የመዝጊያ ሰዓቱን በስልኩ ላይ ሳይሆን በዚያ ስም ላይ ያድርጉት። ልጁ ማክ አድራሻውን መቶ ጊዜ ቢለውጥ የሚገባበት በር በሰዓቱ ይዘጋል። ከቴሌ የመጣው ሣጥን ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ትንሽ ራውተር ገዝቶ በኬብል ከኋላው መሰካት ይቻላል፤ ልጆቹ በሁለተኛው ይጠቀማሉ።

የአዋቂዎቹን ፓስወርድ ለታላቅ እህትየው መስጠት ደግሞ ለልጁ እንደ መስጠት ይቆጠር።

አባቱ ሳዑዲ ነው። በኢሞ የምናወራው ማታ ከሥራ ሲገባ ነው። ኔቱን ብዘጋ እሱን አጣዋለሁ።

በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ የማይነሳበት ቀበሌ ያለ አይመስለኝም። ከላይ ያልነው የሁለት ስም ዘዴ የሚጠቅመው በተለይ ለእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ የልጆቹ ሲዘጋ የእርስዎ ክፍት ሆኖ ይቆያል። የሳዑዲ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፣ ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ስለዚህ የልጆቹን መዝጊያ የጥሪው ሰዓት ካለቀ በኋላ ያድርጉት፣ ወይም አባት ሲደውል ልጁ በእርስዎ ስልክ ያውራ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ላንሳ፣ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል። ስልኩን የሚልከው አባት ወይም አክስት ነው፤ ውድ ስልክ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን እዚህ ላለችው እናት ይተዋል። ልጁም «አባቴ ነው የሰጠኝ» ይላል። ስልኩ ከመድረሱ በፊት አባትየው ራሱ በኢሞ፣ ልጁ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ «እናትህ ያለችው ነው የሚሆነው» ይበል። ይህን ከአባትየው ካልሰማ የትኛውም መተግበሪያ አያግዝም።

ራውተሩ ላይ ልጄ ምን ሲያይ እንዳመሸ ማየት እችላለሁ?

ብዙም አይችሉም። ቢበዛ ወደ የትኛው ድረ ገጽ እንደሄደ እንጂ እዚያ ምን እንዳነበበ ወይም ከማን ጋር እንዳወራ አይታይም፤ ግንኙነቱ የተመሰጠረ ነው።

መጥፎ ገጾችን ማገድስ?

ይቻላል፣ ዋጋም የለውም። ራውተሩ ላይ «ዲኤንኤስ» የሚል ቦታ አለ፤ የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻው የሚመራ አገልግሎት ነው። እዚያ ያለውን ቁጥር በ1.1.1.3 እና በ1.0.0.3 ይተኩ። ይህ የክላውድፍሌር ነፃ አገልግሎት ሲሆን የወሲብ ገጾችንና ቫይረስ ያለባቸውን ገጾች አይከፍትም። 1.1.1.1 ብለው እንዳይጽፉ፣ እሱ ምንም አያግድም። 208.67.222.123 እና 208.67.220.123 ብለው ቢሞሉም ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የኦፕንዲኤንኤስ አገልግሎት ያገኛሉ።

ግን ልኩን እንወቅ። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ወይም ቲክቶክ ላይ የሚመጣውን ይህ አያጣራም። ከአንድሮይድ 9 ጀምሮ ስልኩ የራሱን ዲኤንኤስ መምረጥ ስለሚችል የሚያውቅ ልጅ ያልፈዋል። የሚጠቅመው ለታናናሾቹና በድንገት ለሚከፈት ነገር ነው። እኔ በየቤቱ ይደረግ ባይ ነኝ፤ ትልቁን ልጅ ያስቆማል ብዬ ግን አይደለም።

ቪፒኤን ይጠቀማል። ይህ መጥፎ ምልክት ነው?

በራሱ አይደለም። ቪፒኤን ግንኙነቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል አዙሮ የታገደ ገጽ የሚከፍት መተግበሪያ ነው። በ2015 የካቲት ወር ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ቴሌግራምና ዩቲዩብ ሲታፈኑ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ አገሩ በቪፒኤን ነው ያሳለፈው፤ በብዙ ቤት ለወላጅም የጫኑት ልጆች ናቸው። ዛሬ «ቪፒኤን ምን ያደርግልሃል?» ብለው ሲጠይቁ ይህን አስታውሰው ይጠይቁ።

ስልኩ አናት ላይ የቁልፍ ምልክት ካዩ በርቷል ማለት ነው። ራውተር ላይ ለመዝጋት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ አንዱ ሲዘጋ ሌላ ይጭናል። የሚነገረው ነገር ይልቅ ሌላ ነው፦ ነፃ ቪፒኤን የልጁን ግንኙነት በሙሉ በማያውቀው ሰው ኮምፒውተር በኩል ነው የሚያሳልፈው። ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ ላይ፣ በተለይ በእርስዎ ስልክ ላይ፣ አይጫን። ኮምፒውተር የሚወድ ልጅ ይህን ክርክር ከ«ኃጢአት ነው» በበለጠ ይሰማል።

ዋይፋዩን ስዘጋ በዳታ ይገባል።

እውነተኛው በር ይኼ ነው። የሌሊት ጥቅል ከቀኑ ይረክሳል፤ ልጅ ሌሊት የሚነቃው አንዳንዴ ኪሱ የፈቀደለት ያኔ ስለሆነ ነው። ጥቅሉን እርስዎ ይግዙ፣ በሳምንት አንዴ፣ በታወቀ ቀን። የቀን ጥቅል ይሁን፤ ቢያልቅ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ይጠብቅ። ካርድ በዘፈቀደ በየቀኑ ከመስጠት ይህ ርካሽም ነው፣ ጭቅጭቅም ይቀንሳል።

ሌሊት ደግሞ ስልኩ ከልጁ ጋር አይደር። ቻርጀሩ ሳሎን ይሁን፣ የእርስዎም ስልክ እዚያው ይደር። አዋቂው ስልኩን ታቅፎ እየተኛ ለልጁ የሚያወጣው ሕግ አይጸናም።

አሁን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ልንገርዎ። እርስዎ ካርድ ሳይገዙ ልጅዎ ሁልጊዜ ጥቅል ካላት፣ የሚሞላላት ማን ነው? ጓደኛ ሊሆን ይችላል። በቲክቶክ የተዋወቃት፣ ከእሷ በብዙ ዓመት የሚበልጥ ሰው ሊሆንም ይችላል፤ ነገሩ ብዙውን ጊዜ በካርድ ነው የሚጀምረው። ሳይጮኹ ይጠይቁ። ሲሙ በእርስዎ ስም ከሆነ ቴሌ ቅርንጫፍ ሄደው ማዘጋት መብትዎ ነው፤ ግን ከጥያቄው አይቀድምም።

ቲክቶክ ለልጆች ጥበቃ አለው ይባላል። ለምን የእኔ ልጅ ላይ አይሠራም?

ምናልባት መተግበሪያው ልጅዎን የ23 ዓመት ጎልማሳ አድርጎ ስለሚያየው ነው። ልጁ የዋሸ ላይሆን ይችላል። ግንቦት 2003 የተወለደ ልጅ የልደት ዓመቱን ሲጠየቅ 2003 ብሎ ይሞላል፤ መተግበሪያው ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል። ትክክለኛው 2011 ነበር። በአንድ ጊዜ 8 ዓመት ጨመረ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 የተወለደ ከሆነ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች አይፈቅድም፤ ከ16 በታች ላሉት የግል መልእክት ዝግ ነው፤ ከ18 በታች ያሉት ላይቭ መግባት አይችሉም፣ በቀን 60 ደቂቃ ሲሞላም ማስጠንቀቂያ ይመጣላቸዋል። ኢንስታግራምም በእኛ አቆጣጠር ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ለታዳጊዎች የተለየ አካውንት እያደረገ ነው። ዕድሜው በስህተት ከተሞላ አንዱም አይሠራም። አብራችሁ ተቀምጣችሁ ፕሮፋይሉን ክፈቱ፤ ማስተካከል ካልተቻለ አዲስ አካውንት ይከፈት። ተከታዮቹን ያጣል፣ ያኮርፋል። ያኩርፍ።

ከዚያ በኋላ «ፋሚሊ ፔሪንግ» በሚለው ምርጫ የእርስዎን ቲክቶክ ከእሱ ጋር ማገናኘት ይችላሉ። የጉግሉ «ፋሚሊ ሊንክ» ለታናሽ ልጅ ሸጋ ነው፤ ለታዳጊ ግን በስምምነት ካልሆነ ብዙ አያራምድም። ሞባይል ቤት ወስዶ ፍላሽ ለማስደረግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ስልኩን ተደብቄ ልፈትሽ? የስለላ መተግበሪያ ልጫን?

የ10 ዓመት ልጅን ስልክ መክፈት ወግ ነው፣ ተደብቀው ግን አያድርጉት። ለ16 ዓመቱ የስለላ መተግበሪያ አይጫኑ። ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ ሌላ ስልክ ይኖረዋል፣ እርስዎ የማያውቁት። አንድ ቀን ችግር ሲገጥመው ወደ እርስዎ የሚመጣበትን መንገድ ነው የዘጉት፤ የሚቀጥለው ጥያቄ ይህን ያሳያል።

በፎቶዋ የሚያስፈራራት ሰው አለ። ብር ላኪ ይላታል። ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ አይምቷት፣ ስልኩንም አይሰብሩት። ማስረጃው ስልኩ ውስጥ ነው፤ ልጅቱም እስከ ዛሬ ዝም ያለችው ከዚያ ሰው ይልቅ እናንተን ፈርታ ነው። አስፈራሪው የሚነግደው በዚህ ፍርሃት ነው፦ «ለአባትሽ እልክለታለሁ» የሚለው ዛቻ አባት ካወቀ በኋላ ጉልበት የለውም።

ብር አይላክ። አንዴ የተከፈለው ይመለሳል፣ መጠኑን ጨምሮ።

ከማገድዎ በፊት ማስረጃ ይያዙ፣ ፈጥነው። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን ውይይቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፤ ነገ አደርገዋለሁ ካሉ ባዶ ሊያገኙት ይችላሉ። ስክሪንሾት ያንሱ፤ ምስጢራዊ ውይይት ሆኖ ስክሪንሾት ከከለከለ በሌላ ስልክ ፎቶ ያንሱት። የተጠቃሚ ስሙን፣ ስልክ ቁጥሩን፣ ብር ላኪ ያለበትን የቴሌብር ወይም የባንክ ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ። የገንዘብ መቀበያ ቁጥሩ ከሁሉ ይበልጣል፤ ሰው የተመዘገበበት ነውና።

ከዚያ ፖሊስ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን የወሲብ ምስል መያዝንም ማሰራጨትንም፣ በኮምፒውተር ማስፈራራትንም በወንጀል ይቀጣል። ጣቢያው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ካለው በቀጥታ እዚያ ይሂዱ፣ እናት ወይም አክስት አብራት ትግባ። ጉዳዩን በሽማግሌ መጨረስ የሚፈልጉ ዘመዶች ይኖራሉ። በሌላ ነገር ሽምግልናችንን አከብራለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ምስሉ በሰውየው እጅ እያለ እርቅ የለም።

ምስሉ እንዳይሰራጭ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፣ ከ18 ዓመት በታች ሳሉ ለተነሱ ምስሎች። ፎቶው ከስልኩ አይወጣም፤ የሚላከው የፎቶው አሻራ ብቻ ነው። እነ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ በዚያ አሻራ ምስሉን ለይተው ያወርዱታል። ስም አይጠየቅም።

ወንዶች ልጆችም ይህ ይገጥማቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የበለጠ ዝም ይላሉ።

ከኔት ገንዘብ አገኛለሁ ይላል።

በ2016 ገንዘብ ያስገኛል የተባለውን የቴሌግራም ጨዋታ፣ ሃምስተር ኮምባትን፣ ሲነካኩ ያመሹ ልጆች ምን ያህል እንዳገኙ ይጠይቁት። የሚያሳስበው ቤቲንግ ነው። ልጁ በራሱ ስም መጫወት ካልቻለ በማን ቴሌብር ይጫወታል? መተግበሪያውን የከፈተልዎ እሱ ከሆነ ፒኑን ያውቃል። ዛሬውኑ ይለውጡት፣ ብቻዎን ሆነው።

ረመዳን ላይ ሰዓቱን ልለውጥ?

አዎ። ከተራዊሕ እስከ ሱሑር ቤቱ በሙሉ ነቅቶ ልጁን ብቻ ማታ 4 ሰዓት ላይ መዝጋት ትርጉም የለውም። ለወሩ ሌላ ፕሮግራም ይሙሉ፤ ከዒድ በኋላ መመለሱን አይርሱ። ለክርስቲያኑ ቤትም በበዓል ዋዜማ እንዲሁ።

ጭራሽ ባስወግደውስ?

ይችላሉ፤ ልጁ ጓደኛው ቤት ይጠቀማል። የትምህርት ነገርም አለ። ጦርነቱና የኔት መቋረጡ የእኛን ልጆች ከሌላው ወደ ኋላ አስቀርቷቸዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር እየተሰጠ ነው፤ ማውስ በቅጡ ያልያዘ ልጅ ከጥያቄው በፊት ከማሽኑ ጋር ይታገላል።

በእርግጥ የሚያውቅ ልጅ ከሆነ ሥራ ይስጡት። በ2016 ሐምሌ በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ ሥራ በነፃ ይማራል፣ ሰርተፊኬትም አለው። ለዚህ የሚሆን ጥቅል ከሳምንታዊው ውጭ ይግዙለት። ቤት ውስጥ ደግሞ የታናናሾቹን ዋይፋይ፣ ያንን የ1.1.1.3 ነገር ጭምር፣ እሱ ያስተካክል፤ እርስዎ አጠገቡ ተቀምጠው እያንዳንዱን እርምጃ ደብተር ላይ ይጻፉ። ሲጨርስ የራውተሩን መግቢያ ፓስወርድ እሱ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ይለውጡ።